ቅርፊት ያለው ዓሣ ፍለጋ

የልጄ ሚስት አራስ ቤት ሳለች ወባ ጣላት። ወባው በመርፌ ለቀቃት፣ ምግብ ግን እምቢ አለች። ጡቷ ነጠፈ፤ ሕፃኑ ደረቅ ጡት እየሳበ ያለቅሳል። ልጄ ለአረም ሥራ ወደ እርሻው አገር፣ ቁረይሻ ወርዶ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶበታል። ቤት ያለነው እኔና እሷ ነን።

ፍልሰታ ገብቶ ስለነበር ሥጋና ወተት አልቀምስም አለች። የነፍስ አባቷ ቤት ድረስ መጥተው፣ «አራስ ነሽ፣ ታመሻልም፤ ጾሙ አንቺን አይመለከትሽም» ቢሏት ወይ ፍንክች። በስንት ልመና ዓሣ ለመብላት ተስማማች።

«ቅርፊት ያለው ከሆነ» አለች።

እኛ ጎንደሮች ቅርፊት የሌለው ዓሣ አንበላም። አምባዛን እናቶቻችን በእጃቸውም አይነኩትም። ከድንበር ማዶ የምንኖርበት የሾዋክ ገበያ ዓሣ ደግሞ ተገፎ፣ ተቆራርጦ፣ በዱቄት ተለውሶ ዘይት ውስጥ ነው የሚገኘው። ገዝቼ ባመጣላት አገላብጣ አየችውና «ቅርፊቱን አይተሻል፣ እማ?» አለችኝ። አላየሁም። ሰሃኑን ገፋችው።

እግሬ እንደሁ ድሮም ቤት አይወድም። አራሷን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ፣ አህያ በሚጎትተው ካሮ ዓሣ ወደሚጠመድበት የግድብ ውኃ ሄድኩ። ካሮው ጭቃ ሲይዘው እየወረድኩ፣ ሲለቀው እየወጣሁ።

ውኃው ዳር ስደርስ ሽታው ተቀበለኝ። በየክረምቱ ደለሉ ተጠርጎ እንዲሄድ የግድቡን በሮች ይከፍታሉ፤ ያን ጊዜ ውኃው ጭቃ ይሆንና ዓሣው ይታፈናል። ይህ ከሆነ ሳምንት አልሞላውም። ሦስት ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ዘርግፈው የያዙትን ይለያሉ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጢማሙ ጋርሙጥ አለ፣ የእኛው አምባዛ። እሾኻሙ ጉርጉር አለ፣ ሲይዙት የሚንጫጫው። ሲነኩት እንደ ፊኛ የሚነፋም አለ። ሁሉም ልሙጥ፣ ሁሉም መላጣ።

«ሐቦባ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ ከሦስቱ ጎልማሳው። በእነሱ ቋንቋ ሐቦባ አያት ማለት ነው።

«ቅርፊት ያለው እፈልጋለሁ።»

«የእኛ ዓሣ ራቁቱን ነው የሚሄደው» አለ ሌላው። «ልብስ የለበሰ ከፈለግሽ ሱቅ ግቢ!»

«አንተስ መች ለበስክና!» አልኩት። እስከ ወገቡ ራቁቱን ነበር። ጓደኞቹ በሳቅ ፈረሱ።

የምራቴን ነገር ስነግራቸው ግን ሳቁ ቆመ። ጎልማሳው ራሱን ነቀነቀ። «የምትፈልጊው ቡልጢ ነው። እኛም አጥተነዋል። ጋርሙጥ አፉን ከውኃ አውጥቶ አየር ይስባል፤ ቡልጢ ጭቃው ሲያፍነው ያልቃል። የተረፈ ካለ ንጹሕ ጅረት የሚገባበት ጥግ ነው የሚሸሸው። ነይ እንሞክር።»

ቀሚሴን ሰብስቤ ተከተልኩት። መጀመሪያ የጣለው መረብ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ወጣ። ቀጥሎ የጣለው አንዲት ቡልጢ አመጣ፤ ቅርፊቷ ያብለጨልጫል። ቆሮሶ! የጣና ቆሮሶ ራሷ! እጄን ዘረጋሁ። ሰውየው ከመረቡ ሲያላቅቃት ከአፏ ከሰሊጥ ብዙም የማይበልጡ ዓሣዎች መዳፉ ላይ ፈሰሱ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ሦስቱም ጮኹ። እሱም ቀስ ብሎ ከነልጆቿ ወደ ውኃው መለሳት።

«ኧረ ምን ነካህ! የልጄን መድኃኒት!»

«ልጆቿን አፏ ውስጥ ነው የምታሳድገው፣ ሐቦባ። እሷን ዛሬ ከበላን ለከርሞ ምን እንበላለን? አይዞሽ፣ እናት ካለች አባት አይጠፋም።»

ቤት ያለችውም አራስ ናት። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሲጥል ባዶ፣ ሲጥል ጋርሙጥ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለት ትልልቅ ቡልጢዎች አወጣ፤ አፋቸውን ከፍቶ አሳየኝ፣ ባዶ ነው። አንዱን ለቤቱ አስቀርቶ አንዱን ሰጠኝ።

«ላጽዳልሽ?»

«ቅርፊቱን እንዳትነካ!»

ቤት ስደርስ ዓሣውን እንዳለ በሰሃን አድርጌ አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ጥፍሯን በቅርፊቱ ላይ ከጅራት ወደ ራስ አስኬደች፤ ቀጭ ቀጭ አለ።

«አለው» አለች።

ቅርፊቱን ፍቄ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ቀቀልኩላት። መረቁን ጠጣች። ሥጋውን ከእሾሁ እየለየች ቀስ ብላ በላች። ሕፃኑ ታፋዋ ላይ ተኝቷል። እኔ አፏን አያለሁ። ድንገት ፊቷን አጨማደደች።

«እማ፣ ጨው ረስተሻል እንዴ? ምንም አይጥምም!»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ጨው ላመጣ ብድግ አልኩ።