ማንም ያላስተላለፈው ቪዲዮ

ቪዲዮው የደረሰኝ፣ ሪያድ ውስጥ የምሠራበት ቤት ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ ስተኩስ ነው። የተሰባበረ ወንበር፣ ደም የነካው ሰሌዳ፣ የሚጮሁ ልጆች። ከሥሩ ወሎ ያለችው ቀበሌያችን ስም ተጽፎ «ዛሬ ጠዋት» ይላል። ልጄ እዚያ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ የሚኒስትሪ ፈተናዋ ደርሷል።

የምታሳድግልኝ እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ቤት ናት፣ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። «ገና ሳትወጣ ቪዲዮው ደረሰንና ሰፈሩ ሁሉ ልጁን አስቀረ። ኸላስ፣ ከእንግዲህ ትምህርት የሚባል የለም።»

እፎይ አልኩ። ወዲያው ግን ደሜ ፈላ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል።

«ልጆቹ ሁሉ ቤት ከቀሩ፣ እነዚህ የሚጮሁት የማን ልጆች ናቸው?»

«እኔ ምን አውቄ!» አለች።

«ትምህርት ቤቱ ከመስጊዱ ጀርባ ነው። በዓይንሽ አይተሻል?»

«እንዴት ብዬ እሄዳለሁ? በስልክ አየሁት እንጂ!»

«ተነሽ፣ ያላ! እየቀረጽሽ ሂጂ።»

እያጉረመረመች ሄደች። የላከችልኝን ደጋግሜ አየሁት። ዘበኛው በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አንዱ ክፍል ውስጥ መምህሩ ብቻውን ተቀምጧል። «ምነው፣ የት ጠፋችሁ?» ይላል።

የመጀመሪያው ቪዲዮ በተላከበት፣ እዚህ ያለን የአገራችን ልጆች በምናወራበት ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ያንን ሁሉም ተቀባብሎት ነበር፤ ይሄን አንዲትም ሴት አላስተላለፈችው። ጸጥ ያለ ግቢ ማንን ያስለቅሳል! ተናደድኩ። የሰው ልጅ ልብስ የምተኩሰው የእኔዋ እንድትማር ነው፤ ፈተናዋን ማንም አንስቶ በለጠፈው ነገር አላስቀማትም። ልጄ ብቻዋን እንዳትሄድ ደግሞ፣ ስልኩን በሻርፔ ሥር ሸጉጬ ልጆቻቸው እዚያ ለሚማሩ እናቶች በየተራ ደወልኩ።

«ልበ ደረቅ ነሽ፣ ወላሂ» አለችኝ አንዷ። «ነገ እውነት ቢሆንስ?»

አገራችን እውነተኛውንም አይታለች። «ነገን አላህ ያውቃል፣ እህቴ። ዛሬ ግን ትምህርት ቤቱ ደህና ነው» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ደወለች። ደብተሯን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«እማ፣ እፈራለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ፣ ልጄ። ሂጂ።»