ከቦዩ ዳር ያልተወሰደው አፈር

አግላያን ማሳመን የቻለ ሰው እኛ መንደር ውስጥ የለም። ወተት ስትገዛ ሻጩ ፊት ጣቷን ነክራ ትቀምሳለች። ዶሮ ስትገዛ በክንፏ ሥር ትዳብሳለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ሁላችንም በአፋችን እንለዋለን፤ እሷ ግን ትኖርበታለች። አልፈርድባትም። ባሏ ትራክተሩን ሊያስጠግን ወደ ከተማ እንደወጣ ከነትራክተሩ ቀርቷል። ከዚያ ወዲያ አግላያ ጣሊያን ሄዳ የሰው ሽማግሌ ማጠብና ማጉረስ ሥራዋ ሆነ። ልጇ ኢሊንካ እናቷን በስልክ እያየች እኛ ቤት አደገች። ኢሊንካን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ታናሴ ነኝ፤ ስለዚህ ከአግላያ ጋር አበልጆች ነን።

አምና በመስከረም ጓዟን ጠቅልላ መጣች። «ከእንግዲህ የሰው ሽማግሌ አላጥብም» አለች። «መሬት እገዛለሁ፣ ቃሪያ እተክላለሁ፣ ከልጄ ጋር እኖራለሁ።» ያፈራችው ሁሉ ለዚህ እንደሆነ መንደሩ ያውቃል። መሬቱ ከከዳት ደግሞ ተመልሳ ጣሊያን፣ ቶሪኖ፣ ኢሊንካም ተመልሳ እኛ ቤት። ሌላ መንገድ የላትም።

በዚያው ሰሞን ፓምፊል ከእርሻዬ ጋር የሚዋሰነውን መሬቱን ለሽያጭ አወጣ። ደንቡ ቅድሚያ ጎረቤት ይጠየቅ ነው፤ ተጠየቅሁ፣ አልፈልግም አልኩ። ማግስቱን አግላያ ደጃፌ ላይ ቆማለች።

«አበልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። አፍንጫህ ሥር ያለ መሬት ነው። ለምን አልገዛኸውም?»

«ጨው ነዋ! ከመሃል በታች ያለው ሁሉ ጨው ነው። በረዶው ሲቀልጥ ውሃ ይተኛበታል፤ ነሐሴ ላይ ፀሐይዋ ስትከር ጨዉ ወደ ላይ ይወጣና መሬቱ ነጭ ይሆናል።»

«እኔ ሳየው ግን ጥቁር ነው።»

«ፓምፊል ስንዴውን እንዳነሳ ወዲያው አርሶ ገለበጠዋ። የታረሰ መሬት ሁሉ ጥቁር ነው፣ አግላያ።»

ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። «አባትህ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ የወፍጮውን ዳር መሬት አሸዋ ነው፣ አይረባም ሲሉ ከርመው በርካሽ ወሰዱት። አንተ አሁን ምን ታበቅልበታለህ?»

«ሐብሐብ።»

«አየህ!» ብላኝ ሄደች።

እውነት ነው፤ አባቴ አድርጎታል። እሱ ብቻም አይደለም፤ በራጋን በሚባለው በዚህ ሜዳችን ላይ የጎረቤቱን መሬት አጣጥሎ ገዢ ያላባረረ ሰው ቢፈለግ ቄሱም አይገኙበት። የሙት ኃጢአት እኔ ትከሻ ላይ መውደቁ ግን አናደደኝ።

ፓምፊል ብልጥ ነው። ሊሸጥላት እየቋመጠ፣ «ለአንቺ አልሸጥም» አላት። «ነገ ጥለሽው ጣሊያን ልትሄጂ! የአባቴ መሬት ዳዋ እንዲበላው አልፈልግም።» ስትለማመጠው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሺ፣ ግን ኋላ አልነገርከኝም እንዳትዪ፤ ላይኛው ጫፍ ላይ ከርከሮ ይገባል» አላት። ነውሩን በገዛ አፉ የሚናገር ሻጭ! አግላያ በሕይወቷ እንደዚህ ያለ ሰው ገጥሟት አያውቅም። ልቧ ግማሽ መንገድ ሄደ።

ግማሹ ግን ቀረ። አካፋዋን ተሸክማ ወጣች። እየቆፈረች አፈሩን ታሸታለች፣ በውሃ ለውሳ በጣቶቿ መሃል ታድቦለቡለዋለች፣ ኮምጣጤ ጠብ አድርጋ ይፈላ እንደሆነ ጆሮዋን ታስጠጋለች። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ «አግላያ፣ ወርቅ ወጣ?» እያለ ይስቃል። እኔ ከእርሻዬ ሆኜ ሳያት አንጀቴን በላችኝ። ልፋቷ ሁሉ ላይኛው ክፍል ላይ ነበር።

«አበልጄ!» ብዬ ጮህኩ። «እዚያ በከንቱ አትድከሚ! ከታች፣ ከቦዩ ዳር ቆፍሪ! ከዚያ ውሰጂና አስመርምሪ! ያ ወፍራም ቅጠል ያለው ቀይ አረም አይታይሽም? ጨው በሌለበት አይበቅልም!»

ወርዳ አረሙን ቀጠፈች፣ አኘከች፣ እንትፍ አለች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ፓምፊል። እዚያ የተባባሉትን ኋላ ራሷ ነው የነገረችኝ።

«ጋሽ ፓምፊል፣ ከቦዩ ዳር ያለው አረም ጨው ጨው ይላል።»

«ለበጎቼ አሞሌ የማስቀምጥበት ቦታ እኮ ነው» አላት እየሳቀ። «በይ፣ እዚያ ቆፍሪ ያለሽ ማነው?»

«ታናሴ።»

«እህ» አለ ፓምፊል።

ያቺ «እህ» ጨረሰችኝ። እኛ ዘንድ ሁለት ወንድማማቾች በወሰን ተጣልተው፣ አንዱ ጥቅል ጎመን የሚዘፈዘፍበትን የጨው ውሃ በሌላው ወይን ሥር ደፍቶ ወይኑን አድርቆታል። አግላያ ይህን ስትሰማ ነው ያደገችው። በማግስቱ ሚስቴ ፕሮፊራ ግራ ገብቷት መጣች።

«ታናሴ፣ አበልጅህ የጎመን በርሜላችንን ክዳን ከፍታ ውስጡን ስታይ አገኘኋት። ምን ሆናለች?»

«ምን አለችሽ?»

«‹ውሃው ጎደል ብሏል› አለችኝና ሄደች።»

ያን ጊዜ አልገባኝም። ጎመናችን ላይ ዓይኗን የጣለች መስሎኝ፣ ላፍርም ይገባኛል፣ በርሜሉን ወደ ውስጥ አስገባሁት። በርሜሉ ከቦታው መጥፋቱ ደግሞ ለእሷ ማስረጃ ሆነ። በእሷ ግምት፣ ታናሴ ሌሊት ተነስቶ ቦዩ ዳር የጨው ውሃ ደፍቷል፣ ከዚያ ቆፍሪ የሚላትም ለዚህ ነው! ስለዚህ እኔ ካሳየኋት ቦታ ሸሽታ፣ ማንም ካልጠቆማት ከላይ በኩል አፈር ዘገነች። ከረጢቱን ለማንም ሳትሰጥ ጭኗ ላይ አድርጋ በአውቶቡስ ከተማ ወሰደችው። አፈር የሚመረምሩት ሰዎች ጥቁር፣ ጥልቅ፣ ለም ነው፣ ለቃሪያ ከዚህ የተሻለ አይገኝም አሏት። አልዋሿትም። የሰጠቻቸው አፈር እንደዚያ ነው።

«ሰማህ?» አለችኝ በአጥሩ ላይ። «ለም ነው ብለዋል! የተማሩ ሰዎች ናቸው ያሉት፣ የሚዋሰን መሬት የላቸውም!»

«አፈሩን ከየት ወሰድሽው?»

«ከየትስ ብወስደው፣ አንተን ምን አገባህ?»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። ከሳምንት በኋላ መሬቱ ላይ ቆመን የሽያጩን አረቄ ጠጣን። ያ ጽዋ ከተጠጣ በኋላ ስለዚያ መሬት ክፉ መናገር ነውር ነው፤ የሚዋሰን ጎረቤትም መጠጣት ግዴታው ነው። ፓምፊል መጀመሪያ መሬቱ ላይ ጠብ አደረገ፣ ከዚያ ለእኔ ቀዳ። ብርጭቆውን ይዤ ቆምኩ። ኢሊንካ ከእናቷ ጎን ሆና ጥርሷን ሳትከድን ትስቃለች።

«ጠጣ እንጂ፣ ታናሴ» አለ ፓምፊል። «ወይስ አስቆጨህ?»

ሁሉም ሳቁ። አግላያ አልሳቀችም፤ እጄን ነበር የምታየው። ጠጣሁት።

በፀደይ ቃሪያውን ተከሉ። መጀመሪያ ላይ አማረ። አግላያ በአጥሩ በኩል ባለፈች ቁጥር «አበልጄ፣ ለካ ቃሪያ ጨው ይወዳል!» እያለች ትነካካኛለች። እንዲያውም እውነቱን ልናገር፣ በልቤ ምነው ተሳስቼ በሆነ እል ነበር። ነሐሴ ሲገባ ከቦዩ ዳር ጀምሮ ዱቄት የተደፋበት መሰለ። ነጩ በየቀኑ ወደ ላይ ወጣ። የቃሪያው ቅጠል ጠርዙ እያረረ፣ እየተጠቀለለ ረገፈ። ጉድጓድ አስቆፍራ ውሃ ብታጠጣው የጉድጓዱም ውሃ ጨው ሆነና ባሰበት። ላይኛው ክፍል ለምልሞ ቀረ፤ ያ ግን እናትና ልጅን ዓመት አያደርስም።

አንድ ጠዋት ግቢዬ ገባች። ይቅርታ ልትለኝ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩ። አልተቀመጠችም።

«ጥፋቱ የአንተ ነው» አለችኝ።

«የእኔ?»

«አዎ፣ የአንተ። ታውቀኛለህ። መሬቱን አመስግነህልኝ ቢሆን ኖሮ አልገዛውም ነበር።»

ሳቄ አመለጠኝ። ቀጥሎ እጆቿን አየሁ። ቆዳዋ ተሰነጣጥቆ፣ በስንጥቁ ውስጥ ነጭ ነገር ገብቶበታል። እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም። ለእሷም አዘንኩ፣ ለራሴም አዘንኩ፤ ስንት ዘመን አበልጅ ሆነን በአንድ ጭብጥ አፈር እንኳ መተማመን አልቻልንም።

በጥቅምት ወደ ጣሊያን የሚሄደው ሚኒባስ ሊወስዳት ሲመጣ ኢሊንካን ከነሻንጣዋ አመጣቻት።

«ላይኛውን የእኩል እረሰው» አለችኝ። «ድርሻዬን ግን ለፕሮፊራ ስጣት።»

«ልጅሽን በእኔ ላይ ትተሽ፣ እህሉን ለሚስቴ?»

«ልጄንም የተውኳት ለፕሮፊራ ነው» አለችና ተሳፈረች። በመስኮቱ ወደ ልጇ እንጂ ወደ እኔ አልተመለከተችም።

ኢሊንካ አላለቀሰችም። ማታ ራት ቀርቦ ትንሽ እንደበላች ቀና አለች።

«አባባ ታናሴ፣ እማዬ ለፋሲካ ትመጣለች?»

«ትመጣለች፣ ልጄ። ራሷ ነግራኛለች።»

ማንኪያዋን አስቀምጣ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነስታ ወደ ማእድ ቤት ገባች። ፕሮፊራን ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቃት ሰማኋት።