ቤት ያልመታው ስንኝ

መጀመሪያ ዓይን የሳበው ጆሮው ነበር። መስታወት በሌለው የመማሪያ ክፍል መስኮት ሠራተኛው አንገቱን አስግጎ ጆሮውን ወደ ውጭ ሰጥቷል፤ ስቱኮ የያዘች እጁ አየር ላይ ቀርታለች።

ጠዋት የግቢው ጥበቃ የክፍሉን በር ከፍቶ «ገጣሚው መጡ» ሲል ተማሪዎቹ ብድግ ብለው ነበር፤ አስተማሪዋ አንድ ቀን ባለቅኔ እንደምትጋብዝ ቃል ገብታላቸዋለች። መሰላልና መስታወት ተከትለው ሲገቡ ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

«ጋሼ፣ ወፎቹ አላስተምር አሉኝ፤ ግጥም አድርገው ይዝጉልን» አለች አስተማሪዋ።

የዕለቱ ትምህርት የሮማንቲክ ዘመን ግጥም ነበር፤ ጫካ መሐል የወፍ ዜማ ሰምቶ ልጅነቱ ስለተመለሰለት ሰው። መስታወት ገጣሚው እጁ እየሠራ ጆሮው ይሰማል። ድንገት ውጭ ካለው ዛፍ ያቺው የልጅነቱ ወፍ ጀመረች።

እሱና ታናሽ እህቱ ልጅ ሳሉ መስኮታቸው ሥር ትዘምር ነበር። እህቱ ለዜማዋ ቃል አወጣችላት፦ «ተነሳ ተነሳ፣ ፀሐይ ቀደመችህ።» ከዚያ ሁለተኛው ስንኝ ይመጣል፤ እሱን ሲሉ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። አሁን ሳቁ ትዝ ይለዋል፤ ስንኙ የለም።

አምና እህቱ ደውላ ነበር። «ወንድምዓለም፣ ያቺ ወፋችን መጥታለች። ምን እንደምትል ልንገርህ?»

«መሰላል ላይ ነኝ፤ ነገ እደውላለሁ።»

ነገ፣ ነገ ሲል ከረመ። በመጨረሻ ስልኩ ሲጮኽ የመጣው መርዶዋ ነበር።

«ጋሼ፣ ምነው ቆሙ?»

«አንዴ ትጨርስ።»

«ማን?»

በጣቱ ወደ ዛፉ አመለከተ። እያፈረ የእህቱን ስንኝ ነገራቸው። «ሁለተኛው ጠፋኝ» አለ።

«‹እናትህም ጠራችህ› ብለው ይግጠሙዋ፤ ገጣሚ አይደሉ እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ።

ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። «ቤቱንስ መታህልኝ፣ የኔ ልጅ። እሷ ያለችው ግን እሱ አይደለም።»

ወፏ ደገመች። ከንፈሩ እስከ «ቀደመችህ» ድረስ አብሯት ሄደና ቆመ። መስታወቱን አንስቶ ክፈፉ ውስጥ አስገባ፤ ዳር ዳሩን በአውራ ጣቱ እየዳመጠ በስቱኮ ሞላው። ዜማው እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። አስተማሪዋ አመስግናው ወደ ሰሌዳዋ ዞረች።

ጥቂት ቆይቶ በአዲሱ መስታወት በኩል፣ ዛፉ ሥር ቀና ብሎ ቆሞ ታየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ ግን አይሰማም። መሰላሉን ትከሻው ላይ አስተካከለና ወደ ግቢው በር ሄደ።