አባቴ ያልገደለው ነብር

ባለፈው ሰኔ ቆሰበር ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ የፈረስ ቃጭል ሰማሁ። የቀብር ፈረስ ነበር። ግላስ ለብሶ፣ ባዶ ኮርቻ ተጭኖ፣ እየተሳበ መንገዱን ሲያቋርጥ ሁሉም ቆመለት። ከካፊያው ጋር የረጠበ ፈረስ ሽታ ገባ። ባለ ባጃጁ ልጅ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ እኔ ዞረና፣ ድሮ በዘንገና ሐይቅ በኩል ሁለት ነብር በባዶ እጁ አንቆ የገደለ ገበሬ እንደነበረ ያወራኝ ጀመር።

«ሁለት?» አልኩት።

«ሁለት ናቸው እንጂ እናቴ። አያቴ ቀብሩ ላይ ነበሩ።»

ነብሩ አንድ ነበር። እሱንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ገበሬው አባቴ ነው። እኔን የሚደንቀኝ ሁለተኛውን ማን እንደጨመረው ነው።

አባቴ ሲሞት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሙሾ አውራጇ ከጥርባ መጣች። ለቅሶው ሳይጀመር የሟችን ሙያ መጠየቅ ልማዷ ነው፤ እናቴ መናገር ስላቃታት፣ ሴትዮዋ እኔን ጓሮ ወስዳ ቀርከሃው ሥር አስቀመጠችኝ።

«ልጄ፣ ለአባትሽ ምን ልበልለት?» አለችኝ።

አሰብኩ። አባቴ ፈሪ ነበር፤ ሰፈሩም ይስቅበታል። ፈረስ አገር ተወልዶ ፈረስ አይጋልብም፤ ከመሸ ደጅ አይረግጥም፤ ጅብ ሲጮህ ፊቱ ይለዋወጣል። ክረምት ሲገባ ግን፣ ጭጋጉ ዛፉን ሁሉ በሚውጥበት ማለዳ፣ ጫካውን አቋርጦ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ እሱ ነበር። የያዘኝ እጁ በላብ ርሶ ይንቀጠቀጣል። አንድም ቀን «ዛሬ ቅሪ» ብሎኝ አያውቅም። ሲመለስ ደግሞ ብቻውን ነው።

እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር ተብሎ ሙሾ ይወርዳል? አፈርኩበት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም ይሄው ነው።

«ነብር ገድሏል» አልኳት።

ሴትዮዋ ትንሽ አየችኝ። ነብሩን ማንም እንዳልሰማ ሳይገባት አልቀረም። ለቀስተኛው መሀል ገብታ እንዲህ አወረደችው፤

«ዘንገና ዳር ወርዶ ከነብር ተናንቆ፣
እንዴት ቻለ ሆዱ ይህን ሁሉ ደብቆ።»

ሲስቁበት የኖሩት ደረታቸውን መቱ። ፈረሰኞቹ ፎከሩለት፤ አንድ ሽማግሌማ የነብሩን ጩኸት ያን ጊዜ ሰምቼዋለሁ ብለው ማሉ። ደስ አለኝ፤ በአባቴ ቀብር ላይ ደስ አለኝ።

ከሰልስቱ በኋላ ሌሊት እንቅልፍ ቢነሳኝ ለእናቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር።

«አባትሽን አላውቀውም?» አለችኝ። «አንቺን አድርሶ ሲመለስ ጉልበቱ እስኪጸና ደጃፉ ላይ ይቀመጥ ነበር። ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል።»

ጸጉሬን ዳበሰችኝና፣ «ነብሩን ለሰው ተይለት። ይሄኛው የእኛ ነው» አለችኝ።

እናቴ ዓምና አረፈች። አሁን ያን ፈሪ ሰው የማውቀው ብቻዬን ነኝ።