ወንድሜ በታኦ ሊድረኝ ነበር

ከፍኖተ ሰላም እስከ ማንኩሳ ስለ ጥንታዊ የቻይና ፍልስፍና ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም። ወድጄ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ ለሁለተኛ ዲግሪው የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራው በታኦ ፍልስፍና ላይ ነው። እኔ ደግሞ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ባለች የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እተይባለሁ። ስለዚህ እያንዳንዱን ገጽ ደጋግሜ መትቼዋለሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ባይመጣልኝም፣ ዩኒቨርሲቲው በወንድሜ በኩል ጣቴ ድረስ መጣ።

ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ቻይና ውስጥ የነበሩ ሊቃውንት፣ ዓለም የራሷ አካሄድ አላት፣ ብልህ ሰው ያንን አካሄድ አይታገልም ይሉ ነበር። አካሄዱን ነው ታኦ የሚሉት። ውኃን በጣም ይወዳሉ፤ ውኃ ከድንጋይ ጋር አይጣላም፣ ዝቅ ብሎ ዞሮ ያልፋል። ከሁሉ የበለጠው ትምህርታቸው «ዉ ዌይ» ይባላል። የወንድሜ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዋና ዋና ቃላቱን ግን በአማርኛ ካልተረጎምሁ ብሎ አንድ ምዕራፍ ሙሉ የፈጀው በዚህች ላይ ነው። መጀመሪያ «አለማድረግ» አላት። ቀጥሎ «ሳይታገሉ ማድረግ»። ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያን «አርምሞ»ን አመጣ፤ አማካሪው «ይኼ የመነኩሴ ዝምታ ነው፣ ሌላ ነገር ነው» ብሎ መለሰበት። ሁሉንም የተየብሁት እኔ ነኝ፣ ሁሉንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስለ አለማድረግ የኔን ያህል የሠራ ሰው በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም።

ችግሩ የመጣው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ርእሱ «ለዘመናችን ያለው ፋይዳ» ነው። አማካሪው መልሶ ላከበት፤ «የቻይናውን ነግረኸኛል፤ የኛ ሰው ከዚህ ምን ያገኛል? ከኑሮ ምሳሌ አምጣ።»

ወንድሜም ምሳሌ ፍለጋ ሐምሌ ላይ ገጠር፣ እናትና አባታችን ቤት ገባ። እኔም ከዚያው ነው እየተመላለስሁ የምሠራው፤ ስለዚህ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

እርፍ ጨብጦ በሬ አልመታም አለ። በሬው የራሱን አካሄድ ያውቃል አለ። በሬው መጀመሪያ ዞሮ አየው፤ ቀጥሎ እርሻው መካከል ተኛ። ወንድሜ አጠገቡ ተቀመጠና በስልኩ ጻፈ።

አባቴ ከዳር ቁሞ፣ «ምን አገኘህ?» አለው።

«በሬው ታኦውን አገኘ፣ አባየ።»

«እኔም አንድ ልምጭ አግኝቻለሁ። ለማንኛችሁ እንደሚሆን እያሰብሁ ነው።»

ደግሞ ሌላ ቀን በቆሎውን አናርመው አለ። ተፈጥሮን ማስገደድ ነው አለ። አባቴ ሰማይ ሰማይ አየና «እና አረሙ ፍልስፍናውን እየበላ ይደግ?» ብሎ ሄደ። እኔ ሳቄ ሊገድለኝ ነበር። የሳቅሁት ግን ተራው የኔ እስኪሆን ነው።

አንድ ቅዳሜ አባቴ በሬ ሊገዛ ዱርቤቴ ወረደ፣ እናቴ ለቅሶ ሄደች፣ እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ። ቤት የቀረው ወንድሜ ብቻ ነው። በዚያ ቀን ሦስት ሽማግሎች ከቡሬ መጡ፤ ለአንድ የበርበሬ ነጋዴ ልጅ እኔን ሊጠይቁ።

በኛ አገር ይኼ ነገር ሥርዓት አለው። ሽማግሌው ግቡ ሲባል ይገባል፤ ተቀመጡ ሲባል ግን አይቀመጥም፤ «ጉዳያችን ሳይፈጸም» ይላል። ባለቤቱም የምሩን አይለምነውም። በቁሙ ይሰማውና «ዘመድ ላማክር» ብሎ ይሸኘዋል። ሌላ ቀን ይመጣል፤ እንደገና ይሸኛል። ሽማግሌ ጉልበቱ እስኪንቀጠቀጥ ካልቆመ ልጅቷ ቀላል ናት ማለት ነው። የተቀመጠ ለት፣ ያውም ጠላ የቀመሰ ለት፣ በቃ፣ ልጅቷ ተሰጠች።

ማታ ስገባ ወንድሜ በኩራት ነገረኝ።

«ቁመው ሳያቸው አሳዘኑኝ» አለኝ። «እነሱ ላለመቀመጥ ይታገላሉ፣ እኛ ላለማስቀመጥ እንታገላለን። ይኼ ሁሉ ድካም ለምን?»

«እና?»

«እጃቸውን እየያዝሁ አስቀመጥኋቸው።»

«ጋሼ! እና?»

«ጠላ ቀዳሁ።»

«እና?»

«‹እንግዲህ እሽ ብላችኋል ብለን እንንገር?› አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልሃቸው?»

«ምንም። ፈገግ ብዬ ዝም አልሁ።»

ሽማግሎቹ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ቤት አይተው አያውቁም መሰለኝ፤ መርቀው ተነሥተው፣ ሐሳቡን ሳይቀይር ብለው ይሆናል፣ እየተጣደፉ ሄዱ።

አባቴ ከዱርቤቴ ሲመለስ ወሬው መንገድ ላይ ደርሶት ኖሮ፣ በሬውን እንኳ ሳያስር ወንድሜን ጠየቀው።

«ሽማግሌ አስቀመጥህ?»

«አዎ አባየ።»

«ከመደቤ ላይ?»

«አዎ።»

«ጠላም ሰጠህ?»

«ሲጨርሱ ደገምሁላቸው።»

አባቴ ራሱ ተቀመጠ። «እኔ አንተን ዩኒቨርሲቲ የላክሁህ የማላውቀውን ነገር እንድታውቅ ነው። የማውቀውን እንድትረሳ አልነበረም» አለው።

እኔስ? እኔ ማግባት አልፈለግሁም። ልጁን አይቼው አላውቅም፤ ፎቶውን እንኳ አላየሁትም። ሥራየን እወዳለሁ። መታወቂያውን ገልብጦ ሰጥቶ «ጀርባው ብቻ ወጣ» ከሚል ሰው ጋር ስጨቃጨቅ ውየ መግባት እወዳለሁ። ቡሬ ሄጄ ጥር ላይ ሙሽራ መሆን በሐሳቤ አልነበረም። ስለዚህ በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቤታቸው ድረስ ሄጄ አልፈልግም ልበላቸው ተነሣሁ። እናቴ ከበሩ ላይ ያዘችኝ።

«ቡሬን የረገጥሽ ለት እግርሽን እሰብረዋለሁ! አባትሽን ልታዋርጅው ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሽማግሌ ካስቀመጡ በኋላ እኛ ከተመለስን ቃል አፍራሾች እኛ ነን። እነሱ ከተዉት ግን ማንም ምንም አይልም። የልጁ እናት ደግሞ በመጪው እሑድ እኔን ልታይ እንደምትመጣ ተልኮብናል። እንግዲህ ያለኝ አንድ በር ያ ነው፤ አይታኝ እንድትጠላኝ።

«ቀላል ነው» አለ ወንድሜ።

«ያንተን ቀላል አይተነዋል።»

«ስሚኝ። ብትሰድቢያት ውርደት ነው። ምንም አታድርጊ። አትነሽ፣ አትናገሪ፣ አትታዘዥ። ዝም ብለሽ ተቀመጭ። ሰነፍ ናት ብላ ራሷ ትሄዳለች። ሳንታገል ተፈጸመ ማለት ነው።» ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «ለመጨረሻው ምዕራፌም ይሆነኛል» አለ።

አውቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ ምን እንደተጠየቅሁ ይገባችሁ ነበር። እኔ ቅዳሴ ላይ እንኳ ቁሜ እግሬን የምቀያይር ሰው ነኝ።

እሑድ ደረሰ፤ አባቴ «ከብት ልይ» ብሎ ጠፋ። ሴትየዋ ከአስፋልቱ ጀምራ ጭቃውን እየረገመች መጣች፤ ሰፊ ጥለት ያለው አዲስ ነጠላ ለብሳለች፤ በርበሬ ተራ ሲጮህ የኖረ ድምፅ አላት። እኔ መደብ ላይ ነኝ። ትልቅ ሰው ሲገባ ጉልበቴ ራሱ ሊነሣ ነው፤ በሁለት እጄ ተጭኜ አስቀመጥሁት። ወንድሜ ጥግ ላይ ስልኩን ይዞ ቁጭ ብሏል።

«እሷ ናት?»

«እሷ ናት» አለች እናቴ መሬት መሬት እያየች።

«አሟታል?»

«ኧረ ደኅና ናት።»

«የኔ ልጅ፣ ወጥ ትሠሪያለሽ?»

ዝም።

«ከብት ታልቢያለሽ?»

ዝም። ምላሴ አፌ ውስጥ እንደታሰረ ውሻ ይንጎራደዳል። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። ጥጃችን ዝናቡን ሸሽቶ ገባ፤ ከሴትየዋ ጀርባ ቆመ፤ ወደ ኋላ የተንጠለጠለውን የነጠላ ጫፍ አሸተተ፤ ማኘክ ጀመረ። ከእናቴ በኩል አይታይም። ከኔ በኩል ይታያል። ጥለቱ ጥቂት በጥቂት ወደ አፉ ሲገባ እያየሁ ተቀመጥሁ። ሰማዕታት እንዴት እንደቻሉት ያን ቀን አሰብሁ።

በመጨረሻ ሴትየዋን ነጠላው ወደ ኋላ ሳባት። ዞራ ጥጃውን አየች፤ ዞራ እኔን አየች።

«ይች ልጅ እያየችው ነበር?»

«እያየችው ነበር፣ እትየ» አለ ወንድሜ ከጥጉ።

ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። አለቀ፣ ጠላችኝ ብዬ ልቤ ሊዘል ሲል ወደ እናቴ ዞረች።

«እኔ እቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ? የመጣሁት አልፈልግም ለማለት ነበር። ስለሷ የነገሩኝ ሌላ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብላ መንገደኛውን ሁሉ የምትሰድብ ምላሰኛ ናት ነው ያሉኝ። ምቀኛ ነው! እንዲህ ያለ እርጋታ በኛ ዘመን እንኳ አላየሁም። ጥጃ ነጠላ ሲበላ ዐይኗን የማታርገበግብ! ልጄ ግልፍተኛ ነው፤ የምትሆነው እንዲህ ያለች ናት። እስከ ጥር ምን አስቀመጠን? ጾመ ነቢያት ሳይገባ፣ ኅዳር ላይ እናድርገው።»

ወንድሜ ፊቱ በራ። «አየሽ?» አለኝ በሹክሹክታ፤ «ምንም ሳታደርጊ ሁሉም ተደረገ!»

ከዚያ በኋላ ያለውን የጥንት ቻይኖች ይቅር ይበሉኝ። ከመደቡ ተስፈንጥሬ ተነሣሁ። እግሬ ደንዝዞ ስለነበር ጥጃው ላይ ወደቅሁ። የነጠላውን ጫፍ ይዤ ጎተትሁ፤ ጥጃው ጎተተ፤ ጨርቁ ተተረተረ።

«እኔው ነኝ!» አልሁ፣ ጨርቁን እንደያዝሁ። «ምላሰኛዋ እኔው ነኝ፣ እትየ! የነገሩዎት እውነት ነው፤ እንዲያውም አሳንሰውታል! ከተወለድሁ እንዲህ ተቀምጬ አላውቅም። ልጅዎን አላውቀውም፣ አላገባውም። እርስዎም የመጡት ሊተዉኝ ነው፤ ታዲያ ምናለ ቢተዉኝ!»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሴትየዋ የተቀደደውን አየች።

«ጥጃው ከበር ሲገባ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ነጠላየን ሲጎርስ?»

«ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

ወደ ወንድሜ ጠቆምሁ። «እሱ ነው። ቻይኖች ዝም ብለሽ ተቀመጭ ይላሉ አለኝ።»

«የትኞቹ ቻይኖች? መንገድ የሚሠሩት?»

«አይ እትየ፣ የጥንቶቹ ናቸው» አለ ወንድሜ።

«እኔ ያየኋቸው ቻይኖች ጎሕ ሲቀድ ጀምረው ሲቆፍሩ ነው የሚውሉት። ዝም ብሎ የተቀመጠ ቻይና አላየሁም!»

ከዚያ ሳቀች። ሳቋ ከዝናቡ ይበልጥ ነበር። «ተመስገን» አለች ዐይኗን እየጠረገች፤ «ይችን ቤቴ ባስገባ ከሷና ከኔ አንዳችን እንሞት ነበር። ለሽማግሎቹ እኔ ተውሁት እላለሁ፤ የማንም ስም አይነሣ።» እናቴ ተነሥታ ጉልበቷን ልትስም ነበር። ሴትየዋ ግን ወንድሜን እያየች ነው። «ይኼኛውስ አግብቷል? ሴት ልጅም አለችኝ እኮ። ዝምተኛ ትወዳለች።»

ወንድሜ እንደ ልማዱ ፈገግ ብሎ ዝም አለ።

«ዝም አለ!» አለች ሴትየዋ ለእናቴ።

«አይ! አይ! አላገባም!» ብሎ ሲነሣ በርጩማው ተገለበጠ፣ ጥጃው በርግጎ ወጣ። እንዲያ ሲታገል አይቼው አላውቅም።

ወንድሜ ኋላ የመጨረሻውን ምዕራፍ አዲስ አድርጎ ጻፈው፤ የተየብሁት እኔ ነኝ። ዉ ዌይ ማለት መቀመጥ አይደለም ይላል፤ እያንዳንዱ እንደ ተፈጥሮው ሳይጨናነቅ መሥራቱ ነው፣ ለአንዲት ሴትም መጮህ ከመቀመጥ ያነሰ ትግል ሊሆን ይችላል ይላል። አማካሪው «ይኼ ይሻላል» ብሎ ጻፈለት። እኔ በበኩሌ የቻይኖቹን ሐሳብ አልጠላሁትም። ስለ ውኃ የሚሉት እውነት ነው፤ ግን በሐምሌ የኛን ወንዝ አላዩትም እንጂ ውኃም ሲፈልግ ድንጋዩን ከነሥሩ ነቅሎ ይሄዳል። ይኼን ከጽሑፉ ግርጌ ልጨምረው ብዬ ነበር፤ ወንድሜ አጠፋብኝ።

ያን እሑድ ዝናቡ ሲያባራ ሴትየዋን እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት። ጭቃው ሲያንሸራትታት ክንዷን ያዝሁ። የተቀደደውን ነጠላ ጠቅልላ በብብቷ ይዛዋለች።

«ለልጄ ምን ልበለው?» አለችኝ የቡሬ ሚኒባስ ሲቆም።

«ያዩትን ይንገሩት፣ እትየ።»

«ያየሁትንማ ማን ያምነኛል!» ብላ ገባች። መስኮቱን ከፍታ ደግሞ፣ «አንች ልጅ! የምታገቢውን ሰው ራስሽ ፈልጊው፤ ጆሮው የማይሰማ ይሁን!» ብላ ጮኸች። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም መልስ ነበረኝ፤ እየጮህሁ መለስሁላት፤ ሚኒባሱ ግን ሄዷል።

ከአስፋልቱ እስከ ቤት በጭቃው ላይ ሮጥሁ። ማንም አላባረረኝም።