የእማዬ አንገትና የቴሌቪዥኑ ከፍታ

እናቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ቁስቋም ወጥታ ማስቀደስ ቀርቶ ደጃፍ ላይ ፀሐይ መሞቅም በእኔ ትከሻ ሆኗል። ይህን ያየ ወንድሜ ቴሌቪዥን ገዝቶ አመጣ። «ቅዳሴውን ተኝታ ትከታተል» አለና አስረክቦኝ ሄደ። መግዛቱ የእሱ፣ ማሰቀሉ የእኔ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አልጋዋና የእኔ ፍራሽ ከገቡ በኋላ ጠረጴዛ የሚቆምበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ ግድግዳ ላይ መሰቀል ነበረበት። ከሽሮ ሜዳ ዲሽ የሚተክል ሰው አስጠራሁ። ግድግዳውን በጣቱ እያንኳኳ ዞረ። ቤታችን የጭቃ ነው፤ ብሎን የሚይዘው ውስጡ እንጨት ያለበት ቦታ ብቻ ነው።

«እህቴ፣ ያንን ክንድ ያለውን ስታንድ ተይው፤ ሲስቡት ከነጭቃው ነው የሚመጣው። ልጥፍ ብሎ የሚቀመጠውን ግዢ» አለኝ።

ገዛሁ። ቀጥሎ የከፍታው ነገር መጣ። ሰውዬው ከእናቴ ትራስ አጠገብ ጎንበስ ብሎ በእሷ ዓይን አየና ግድግዳው ላይ ምልክት አደረገ።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ቢሆን አንገትዎ አይደክምም።»

«የእግሬ ትይዩ እኮ ነው፣ ልጄ። ቅዳሴ የሚታይበት ነገር ላይ እግሬን ዘርግቼ ልተኛ? ከፍ አርገው።»

ከፍ አደረገው።

«ትንሽ ጨምር።»

«እማማ፣ ከዚህ በላይ ኮርኒስ ነው።»

እሷ ሳቀች። እኔ ሌሊቱን ሳገላብጣት ስላደርኩ የምፈልገው ሰውዬው ቶሎ ጨርሶ እንዲሄድ ብቻ ነበር። እዚያው ኮርኒሱ ሥር ተሰቀለ።

እሑድ ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ባለ ቁጥር፣ መቆም ባትችልም፣ አንገቷን ከትራሱ ቀና ታደርጋለች። ቅዳሴው ሲያልቅ አንገቷ ድርቅ ብሎ ቀረ። ቅባት አሸሁላት፣ ትራስ ደረብኩላት፤ ያው ነው። በሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ። በኋላማ ዓይኗን ጨፍና ማዳመጥ ጀመረች።

«አታዪውም እንዴ?»

«እሰማዋለሁ።»

«ለመስማትማ ሬዲዮ ነበረሽ። ይውረድልሽ በቃ።»

«ተዪው። መስገድ ካቃተኝ ስንት ጊዜዬ። ይቺ የአንገት ሕመም በስግደት ትቆጠርልኝ።»

ቅባቱን አነሳሁ። አንገቷን አሽቼ ስነሳ ግን ወገቤ አልቀና አለኝ።

«እማዬ» አልኳት፣ «የአንቺን ስግደት እኮ የምሰግደው እኔ ነኝ። ጎንበስ ቀና ስል ነው የምውለው።»

እጄን አንገቷ ላይ እንዳለ ያዘችው።

«ያ ሰውዬ ይምጣ» አለች። «ሲቀደስ እግሬ ላይ ነጠላ ጣል ታደርጊልኛለሽ።»

ሰውዬው መጥቶ እዚያው እንጨት ላይ ዝቅ አድርጎ አሰረው።

እሑድ ጠዋት ነጠላውን እግሯ ላይ ጣል አድርጌ፣ ትራሷን አደላድዬ፣ በራስጌዋ በኩል አልጋው ጫፍ ላይ አረፍ አልኩ። ወንጌል ሲነበብ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም። ስነቃ ራሴ ትራሷ ላይ ነው፣ ቅዳሴው አልቆ ስብከት ተጀምሯል።

«ምነው አትቀሰቅሺኝም?»

«ተኚ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። «ለሁለታችንም አስቀድሻለሁ።»