የኤሊዎቹ በር

ለመጻፍ መድፈሬን ይቅር በሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ አንዱን መስመር ስጨርስ የፊተኛው ይጠፋብኛል። ግን ይህችን ሴት አውቃታለሁ፤ መረብ ስንጠግን ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። እሷ ደግሞ ስለ ራሷ አታወራም፣ ይህንንም የነገረችኝ በስንት ልመና ነው። እንግዲህ ስህተቴን እያለፋችሁ እንደ ወግ ስሙኝ።

ወደቡ ላይ ሁሉም «ጠጋኟ» ነው የሚላት። ከቆርቆሮው ዳስ ሥር እግሯን ዘርግታ፣ መረቡን በእግሯ አውራ ጣት ወጥራ ስትሰፋ ትውላለች። ሰው «እንዴት አደርሽ» ሲላት እንኳ መልሱን ለመረቡ ነው የምትነግረው። ባል አላገባችም። የምትኖረው በታላቅ ወንድሟ ቤት፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ነው። ወንድሟ ካፒቴን ነው፤ ያ ሁሉ ቤተሰብ የሚተዳደረው በአንዲት ጀልባ ነው።

ጀልባዎቹ የሚጎትቱት መረብ ወደ ጅራቱ ገደማ በር አለው። ከበሩ አጠገብ የብረት ፍርግርግ ይታሰራል። ዓሣው በፍርግርጉ መሀል ያልፋል፤ የባሕር ኤሊ ግን ትልቅ ስለሆነች ብረቱ ይመልሳትና በሩን ገፍታ ትወጣለች። ኤሊ እንደ እኛው አየር ነው የምትስበው፤ መውጫ ካጣች ውሃ ውስጥ ታፍና ትቀራለች። በሩ ክፍት ይሁን የሚል ሕግ አለ። ካፒቴኖቹ ደግሞ «ዓሣችን በዚያ በር ይሾልካል» ይላሉ። ስለዚህ ጀልባ ከመውጣቱ በፊት ጠጋኟ በሩን ትሰፋዋለች። ስፌቱ የእሷ ብቻ ነው። የተቆጣጣሪ ጀልባ ብቅ ሲል የክሩን ጫፍ አንዴ ሳብ ካደረጉት ከዳር እስከ ዳር ይተረተርና በሩ እንዳልተነካ ይሆናል። ስንቱን በር እንደሰፋች እሷም አታውቀው። ለእሷ ቁልፍ እንደ መትከል ያለ ሥራ ነበር። መረቡ ባሕር ገብቶ ምን ይዞ እንደሚወጣ አይታ አታውቅም።

ያን ቀን ወንድሟ አዲስ መረብ ሊሞክር ነበርና «የሆነ ነገር ካስቸገረ እዚያው ታስተካክይልኛለሽ» ብሎ አሳፈራት። አብሯቸው የነበረው ሞተረኛው ብቻ ነው። ጥላሸት ከፊቱ ስለማይጠፋ «ጭሱ» ይሉታል።

«እትዬ፣ ማስመለስ ከመጣብሽ በወዲያ በኩል አድርጊው» አላት ገና ሲነሡ። «በወዲህ በኩል ምሳዬን አስቀምጫለሁ።»

እሷ መቀመጫዋን በሁለት እጇ ጨበጠች።

ረፋዱ ላይ የመጎተቻው መዘውር እያቃሰተ መረቡን ሳበ። ካፒቴኑ ጅራቱን ሲፈታው ዓሣው ተዘረገፈ፤ ከዓሣው መሀል ጠረጴዛ የምታህል ኤሊ ዱብ አለች። አንገቷ ተዝለፍልፏል፤ ዓይኗ ግማሽ ክፍት ነው፣ ግን አያይም።

ጠጋኟ ቀና ብላ በሩን አየችው። ስፌቷ አንድም ቦታ አልላላም። ኤሊዋ በእጇ የታገለችበት ቦታ ላይ ግን ክሩ ተፈግፍጎ ፀጉር አውጥቷል። እዚያው ዓሣው መሀል ቁጭ አለች።

«አለቀላት» አለ ጭሱ፣ በእግሩ ጫፍ ነካ አድርጎ። «ልጅ ሆነን ስንዋኝ እግራችንን እየገፉ ያልፉ ነበር። አሁን ካየን ስንት ጊዜያችን፤ ያየናትም በድን ሆና።»

«ጭራዋ ተንቀሳቅሷል» አለች ጠጋኟ።

«እትዬ፣ ጀልባው ነው የሚንቀሳቀሰው።»

«አይደለም።»

አምና ዳሱ ሥር ለካፒቴኖቹ ስለ ኤሊ ትምህርት ሲሰጥ እሷ ጥግ ይዛ ትሰፋ ነበር። ወንዶቹ ሲሳሳቁ ጆሮዋ የያዘው ነገር አለ፦ የታፈነች ኤሊ የሞተች ትመስላለች። በሆዷ አስተኝቶ፣ ከኋላዋ ከፍ አድርጎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ሰዓታት መጠበቅ ነው። እንደዚያው ከተወረወረች ትሰምጣለች። የዓሣ ሣጥን ስባ ከኤሊዋ ኋላ ልትሸጉጥ ስትታገል፣ ጭሱ «ምን ታደርጊዋለሽ» እያለም ቢሆን አነሣላት።

በዚህ መሀል ከቋጥኙ ጀርባ ነጩ የተቆጣጣሪ ጀልባ ብቅ አለ።

የካፒቴኑ ፊት አመድ መሰለ። ክሩን በአንድ እጁ ሳበው፤ ስፌቱ ተተረተረ። «ይህችን ወዲያ በሏት። ቶሎ።»

«ጋሼ፣ በሕይወት አለች።»

«እኔም በሕይወት አለሁ። ለእኔስ አታዝኚም?»

«ከወረወርናት ትሰምጣለች።»

«ካልወረወርናት የምንሰምጠው እኛ ነን። ፈቃዴን ሲነጥቁኝ ልጆቹን ምን ልታበያቸው ነው? ክር?»

የልጆቹን ፊት አንድ በአንድ አሰበች። ግን እጇን ከኤሊዋ ድንጋያማ ጀርባ ላይ አላነሣችም። ካፒቴኑ ኤሊዋን ብቻውን ሊያነሣ ሞከረ፤ አልቻላትም። ጭሱ አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያየ ፈዞ ቀረ። ነጩ ጀልባ ደግሞ እየቀረበ ነው።

ካፒቴኑ ጥቁሩን ሸራ ጎትቶ በኤሊዋ ላይ ጣለው። «እሺ። ትንፍሽ ካልሽ ግን ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም።»

ተቆጣጣሪዋ የጎማ ቦቲ ያደረገች፣ ንግግሯ ቀስ ያለ ሴት ናት። በሩን ከፍታ ዘጋች፤ ፍርግርጉን በእጇ ነቀነቀች፤ ዓሣውን አየች። ጭሱ ስለ ሞተሩ ሳል፣ ስለ ነዳጁ፣ ስለ አማቱም ጭምር ሳያቋርጥ ይለፈልፋል። ካፒቴኑ ከሸራው ፊት ቆሞ ፈገግ ለማለት ይሞክራል።

ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ጠጋኟ ሸራውን በጣቷ ጫፍ ነካችው፤ እንደ ምጣድ ግሏል። ከሥሩ ያለችው አንድ ጠብታ ውሃ አልነካትም። ተቆጣጣሪዋ ቶሎ ብትሄድ ኤሊዋ ትተርፍ ይሆናል። ሴትየዋ ግን ጭሱን እየሰማች ትስቃለች፤ ወረቀቷን ቀስ ብላ ትሞላለች። ጠጋኟ እስትንፋሷን ይዛ ጠበቀች። እንደገና ጠበቀች። ኤሊዋም ከሥር እንዲህ ይዛ ነበር፣ አለች በልቧ፤ በእኔ ስፌት።

ተነሣች። ባልዲውን ከባሕሩ ሞላች። ወንድሟ ዓይኗን ቢፈልግ አጣው። አልፋው ሄደችና ሸራውን ገለበጠች፣ ውሃውንም በኤሊዋ ጀርባ ላይ አፈሰሰች።

የጭሱ ወሬ መሀል ላይ ተቆረጠ።

«በሩ ክፍት ነው» አለች ተቆጣጣሪዋ ወደ መረቡ ዞራ። «በየት ገባች?»

ጠጋኟ ባልዲውን አቅፋ ቆመች። «ተሰፍቶ ነበር» አለች በመጨረሻ። «የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

«ያዘዝኳት እኔ ነኝ» አለ ካፒቴኑ። ወደ እሷ አልዞረም። «እሷ ምን ታውቃለች። መረቡ የእኔ ነው።»

ከዚያ ያለው መጠበቅ ነበር። ሁለቱ ጀልባዎች ተያይዘው ቆሙ። ጠጋኟ ጆንያ እያራሰች ትደርባለች። ተቆጣጣሪዋ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ፣ ከእንቁላል የወጣች ኤሊ ራሷ እንቁላል እስክትጥል ሃያ ሠላሳ ዓመት እንደሚፈጅባት ነገረቻት። የባሕሩን ዳር አሸዋ ሰው ቆፍሮ እንቁላሉን ይወስደዋል፤ የተፈለፈለው ጫጩት የሆቴል መብራት እያየ ወደ መንገድ ይሄዳል፤ ያደገችዋም ላስቲክ ምግብ መስሏት ትውጣለች። ከዚያ ሁሉ የተረፈች ደግሞ መረብ ትገባለች።

«ይህችም ሠላሳ ዓመት ኖራ ይሆናል?» አለች ጠጋኟ።

«ይሆናል።»

ጠጋኟ ጆንያውን እንደገና አራሰች። ካፒቴኑ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀምጧል። ጭሱ እንኳ ቀልድ አጣ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ኤሊዋ አንገቷን አነሣች። ጎማ እንደሚተነፍስ ዓይነት ረጅም፣ ሻካራ ትንፋሽ ወጣት። ትንሽ ቆይታ ደገመችው። ጠጋኟ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ በመሀረቧ ጫፍ። የኤሊዋ መቅዘፊያ እጆች ወለሉን እስኪደበድቡ ቆዩና አራቱም ተጋግዘው አወረዷት። አንድ ጊዜ ዘቅዘቅ አለች፣ ጠፋች።

ተቆጣጣሪዋ መረቡን ወሰደች። ጀልባዋም የዓሣው ወቅት እስኪያልቅ ታስራ ትቆማለች አለች። ወደቡ ደርሰው ጀልባዋን ለማሰር ከገመዱ ጋር ሲታገሉ ካፒቴኑ «ዝም ብትዪ ምን ነበረበት» አላት።

«አቃተኝ፣ ጋሼ።»

ማታውን የወንድሟ ሚስት ራቷን አቀረበችላት፣ ቃል ግን አልተነፈሰችላትም።

በማግስቱ ጠዋት ጠጋኟ እንደ ወትሮዋ ዳሱ ሥር መጣች። እኔም አጠገቧ ነበርኩ። ወሬው ቀድሞ ደርሷል፤ ሰው ሁሉ እያያት ያልፋል። አንድ ሌላ ካፒቴን የተቀደደ መረቡን ከፊቷ ጣል አደረገና «ወንድምሽ ከመሀላችን ጎደለ፣ የእሱም ዓሣ ለእኛ ነው» አለ እየሳቀ። «በሩን እንደ ልማድሽ አድርጊልኝ። ቸኩያለሁ።»

ጠጋኟ መረቡን ወደ እሷ ሳበች። የተቀደደውን ቦታ ፈለገች፣ አገኘች፣ በእግሯ አውራ ጣት ወጠረችው።

«ቀዳዳውን እጠግናለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል። «በር አልሰፋም።»

«እንዴት አትሰፊም?»

የተቀደደውን ቦታ በጣቷ አሳየችው። እሱ መረቡን ከእግሯ ሥር መንጭቆ ጠቅልሎ ሄደ። እሷም በመርፌዋ ክር ሰካችና የሚቀጥለውን ሰው ጠበቀች።